ትንፋሽ መቁጠር

የጅማ የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መውረድ ሲጀምር በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች እንኳ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ መነጋገር አይችሉም። ባለፈው ዓመት እንዲህ ባለ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ከ9 ወር ልጄ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር። አፍንጫዋ መፍሰስ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቀን ቀለል ብሏት ስትጫወት ውላ ማታ ላይ ትኩሳት ጀመራት፤ ሳሉም ከጉሮሮ ወደ ደረት የወረደ መሰለ። ጆሮዬን ወደ አፍንጫዋ ባስጠጋም ከዝናቡ በቀር የምሰማው ነገር አልነበረም። መስማት ስላልቻልኩ ማየት ግድ ሆነብኝ፤ የሹራቧን ጫፍ ወደ ላይ ገልጬ፣ የስልኬን መብራት በጎን በኩል ይዤ፣ ደረቷና ሆዷ ሲነሣና ሲወርድ ተመለከትኩ።

ያን ሁሉ ወራት አቅፌያት፣ አጥቤያት፣ አስተኝቻት፣ ስትተነፍስ ግን አተኩሬ አይቼ አላውቅም ነበር። ሆዷ እንደ ትንሽ ወናፍ ይነፋና ይሟሽሻል፤ በሁለት ትንፋሽ መካከል አንዳንዴ አጭር ዕረፍት አለ፣ አንዳንዴ የለም። ከጥቂት ወራት በፊት ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ሳል የያዘው ልጅ ሲረጋጋ ጠብቀን፣ ልብሱን ገልጠን፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ እንድንቆጥር ነግራን ነበር። አንድ መነሣትና አንድ መውረድ አንድ ትንፋሽ ነው። ባለቤቴ ቁጥሮቹን በክትባት ካርዱ ጀርባ በእርሳስ ጽፋቸዋለች፦ ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40። ቁጥሩ እዚያ ከደረሰ ወይም ካለፈ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል። እኔ 54 ቆጠርኩ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ጥቂት ቆይቼ ደገምኩት፤ 53 ሆነ።

እናቴ ከጎን ክፍል ተነሥታ መጣች። በዚያው ሳምንት እኔም ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር፣ ወደ ቤት ያስገባሁትም እኔው ሳልሆን ስለማልቀር፣ መደርደሪያው ላይ የተረፈኝ መድኃኒት እንዳለ ታውቃለች። "ያንተን ፍሬ ከፍተን፣ በውኃ በጥብጠን እንስጣት እንጂ፤ አንተን አሽሎህ የለም እንዴ?" አለች። ሕፃን ሌሊት ሙሉ ሲያስል ከመስማት የባሰ ጭንቀት ስለሌለ፣ በእጅ ያለ መድኃኒት ትልቅ ተስፋ ሆኖ ይታያል። ያን መድኃኒት ያገኘሁት አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ለጉንፋን የሚሆን ስጡኝ በማለቴ ብቻ ነው። ስንት ቀን እንደሆነኝ፣ ምን እንደሚሰማኝ፣ ሌላ ሕመም እንዳለብኝ የጠየቀኝ የለም፤ 10 ካፕሱል አሞክሳሲሊን ተሰጠኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። አራቱን ዋጥኩ፣ ሲሻለኝ ስድስቱን ተውኩ።

እኔን ያሻለኝ ግን መድኃኒቱ አልነበረም፤ ቀኖቹ ነበሩ። ጉንፋን የሚያስይዙት ቫይረሶች ከ200 በላይ ዓይነት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለንም ራይኖቫይረስ የሚባለው ነው። አሞክሳሲሊንና ወገኖቹ የሚገድሉት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን ስላልሆነ ጉንፋንን አንድ ሰዓት እንኳ አያሳጥሩትም። ጉንፋን በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይሄዳል፤ ሳሉ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሰው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን፣ ሕመሙ ሊለቀው ሲል፣ ካፕሱል ይጀምርና ያዳነኝ እርሱ ነው ይላል። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ጉሮሮውን የታመመ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ገዝቶ በቂ ባልሆነ መጠን እንደሚወስድ፣ ተህዋሲያኑም መድኃኒቱን መቋቋም እንደሚማሩ፣ ከዚያም ለባለቤቱ እንደሚያስተላልፋቸው በምሳሌ አስረድቶ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ መደርደሪያዬ ላይ የቀሩትን ስድስት ካፕሱሎች በሌላ ዓይን አየኋቸው።

በዚያ ሌሊት ለእናቴ ይህን ሁሉ አላስረዳሁም፤ እንደዚህ ተደራጅቶም በራሴ ውስጥ አልነበረም። ልጅቷ ጡት እየጠባች ነው፣ ስንቀሰቅሳት ትነቃለች፣ አላንቀጠቀጣትም፣ የጠጣችውን ሁሉ አልመለሰችም፣ ስትተነፍስ የደረቷ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። መጥባት ቢያቅታት፣ ስንቀሰቅሳት ባትነቃ ወይም ከሌሎቹ ምልክቶች አንዱ ቢኖር ኖሮ ዝናቡንም ሌሊቱንም ሳናይ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነበረብን። ስላልነበረ ቀና አድርገን አቅፈናት፣ እያጠባናት፣ በየጊዜው እየቆጠርን ጎሕ እስኪቀድ ቆየን፤ እንደነጋም በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

ሲስተሯ የመጀመሪያ ጥያቄዋ የሰጠናት መድኃኒት እንዳለ ነበር። እንደሌለ ስንነግራት ራሷን ነቀነቀችና፣ ልጅቷ በእናቷ ጭን ላይ እስክትረጋጋ ጠብቃ፣ ሰዓቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሌሊት እኔ ያደረግሁትኑ አደረገች፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሳትናገር ሆዷን ተመለከተች። 54 አለች። ልቅሶና ትኩሳት ትንፋሽን ስለሚያፈጥኑ፣ የተደፈነ አፍንጫም ስለሚያስቸግር፣ አፍንጫ ተጠርጎ፣ ልጅ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ መቆጠር እንዳለበት ያስረዳችን ያን ጊዜ ነው። በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትን አልወደደችውም፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለምና ሊያሳስት ይችላል አለች። ከዚያም የሳንባ ምች መሆኑን ነግራን፣ በውኃ የሚሟሟ የልጆች አሞክሳሲሊን በክብደቷ ለክታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ እንድንሰጣት አዘዘችልን። የመጀመሪያውን እዚያው ፊቷ ሰጠናት። ቢሻላትም የታዘዘላትን ቀን ሁሉ እንድንጨርስ፣ ከሁለት ቀን በኋላ መልሰን እንድናመጣት፣ ጡት እምቢ ካለች ግን ቀኑን ሳንጠብቅ እንድንመጣ አስጠነቀቀችን።

እኔን ሲያመኝ ከንቱ የነበረው ያው መድኃኒት ለልጄ የሚያድን ሆነ። ይህ ነገር ከአንድ ዓመት በኋላም ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ በቫይረስ ታምሜ ዋጥኩት፣ እርሷ ደግሞ ሳንባዋ ታሞ ወሰደችው፤ በሁለታችን መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሰው ሰዓት ይዞ አንድ ደቂቃ ማየቱ ነው። ስለ ጉንፋንና ሳል ስንነጋገር ምን ልውሰድ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ እኔ ግን ቀድሞ መምጣት ያለበት ምን አየህ የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጤና ጣቢያው ስንመለስ እናቴ ምን እንዳሉን ጠየቀች። የሳንባ ምች ነው ስላት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ከጎረቤት ጓሮ እጅ ሙሉ ዳማ ከሴ ቀጥፋ ተመለሰች። በእርሷ ዘንድ ይህ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ምች ሲባል ዳማ ከሴ ይታሻል፣ ጭማቂው ይሸተታል፣ በቡናም ይጠጣል። የሳንባ ሕመሙን በዚያ ስም በመጥራታችን ምክንያት ላብ ላይ ፀሐይ ሲመታን ከሚይዘን ምች ጋር ወንድማማች አድርገነዋል፤ ስሙን የሰማች እናት መድኃኒቱን ከጓሮ ብትፈልግ አይፈረድባትም። የሳንባ ምች ግን በጥቃቅን የሳንባ ከረጢቶች ውስጥ መግልና ፈሳሽ የሚሞላበት ሕመም ነው፤ ልጁ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰውም አየር የሚገባበት ቦታ ስላነሰው ነው። የቅጠል ጭማቂ በሕፃን አፍንጫ ሲንጠባጠብ ትን ብሎ ወደዚያው ወደ ታመመው ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥም አደጋው ይኸው ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ሳልን ፈጽሞ አያድንም፤ ደም መፍሰስንና ቁስልን ይጨምራል።

ቅጠሉን እንዳትጨምቅባት ስነግራት አልተቆጣችም። ቁጭ አለችና ከእኔ በፊት ስለተወለደው ወንድሜ አወራችኝ፤ ከዚያ በፊት በሕይወት እንዳልቆየ እንጂ እንዴት እንደሞተ ነግራኝ አታውቅም ነበር። የ7 ወር ልጅ ሳለ በክረምት ሳል ጀመረው፣ ሆዱ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር፣ ምች መታው ተባለ፣ በአራተኛው ቀን ሞተ። "ሆዱ እንዲህ ይል ነበር" ብላ በመዳፏ አየሩን ቶሎ ቶሎ ከፍና ዝቅ አደረገችው። ያኔ አይታ ነበር፤ ያየችው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የነገራት ሰው ብቻ ነው ያልነበረው።

ሲስተሯ ለጉንፋንና ለሳል በቤት የሚደረገውን ነገር አልናቀችም፤ እኔም አልንቅም። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ተቀጥቅጦ የፈላበት ሻይ፣ ጦስኝ፣ ትኩስ አጥሚት፣ የዶሮ መረቅ ለአዋቂ ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፣ ውኃም ይተካሉ። ማር ሳልን እንደሚያስታግስ የታወቀ ነው፤ ጅማ ደግሞ ደግነቱ ከጫካ የመጣ ማር አያጣም። ነገር ግን ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር በጣት ጫፍም ቢሆን መቅመስ የለበትም። ነገሩ የማሩ ንጽሕና አይደለም፤ ምርጥ በሚባለው ማር ውስጥም ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የሚያስከትል ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፣ የሕፃን አንጀትም ይህን ገና መከላከል አይችልም። ለእኛ ልጅ የተነገረን ቶሎ ቶሎ ጡት መስጠትና አፍንጫዋን በጨው ውኃ ማጽዳት ነበር። በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል፤ ከመጥባቷ በፊት በየአፍንጫ ቀዳዳዋ አንድ ሁለት ጠብታ ይደረግና የላላው ንፍጥ በንጹሕ ጨርቅ ይወሰዳል። ልጅ አፍንጫው ሲደፈን እየጠባ መተንፈስ ስለማይችል ነው ጡቱን እየለቀቀ የሚያለቅሰው፤ ብዙ እናቶች ይህን የምግብ ፍላጎት ማጣት ይመስላቸዋል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በክብደት ተለክቶ ይሰጣል፤ አስፕሪን ግን ለልጆች አይሆንም።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ በጋቢ ተሸፍኖ መታጠን ለአዋቂ ሰው አፍንጫን ለጊዜው ይከፍታል፤ ሕፃንን በፈላ ድስት ላይ ማቀፍ ግን ለቃጠሎ ማጋለጥ ነው። ስለ ሽሮፕም አንድ ነገር ልበል። በጠርሙስ ላይ የሳል ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ለትንንሽ ልጆች መስጠት አይገባም፤ ጥቅማቸው እምብዛም ነው፣ ጉዳታቸው ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ዲኤትሊን ግላይኮልና ኤትሊን ግላይኮል በሚባሉ መርዞች የተበከሉ የልጆች ሽሮፖች ኩላሊታቸውን አበላሽተው ከ60 በላይ ሕፃናት መሞታቸውን አንብቤ፣ ለልጄ የተገዛውን አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ሳልከፍተው አንሥቻለሁ።

ጉንፋን ሲይዘን ብርድ መታኝ ነው የምንለው፤ እናም መስኮት እንዘጋለን። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ነፋስ ገባ ተብሎ መስኮት ሲዘጋ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ሲያስል፣ ሁሉም ያንኑ አየር እየተጋራ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ያውቀዋል። ጉንፋንን የሚያመጣው ግን ነፋሱ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ፣ በሳል፣ በእጅ የሚተላለፈው ቫይረስ ነው። የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ በርና መስኮት ዘግተን በአንድ ክፍል የምንቀመጥባቸው ወራትም ረጃጅም ናቸው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር ሁላችንም ጭምብልና እጅ መታጠብን ተምረን ነበር፤ ትምህርቱ ከወረርሽኙ ጋር አብሮ መሄዱ ያሳዝነኛል። አሁን ጉንፋን ሲይዘኝ ቤት ውስጥ ጭምብል አደርጋለሁ፣ ልጄንም አልስማትም። ሊጠይቁን የሚመጡ ሰዎች ጉንጯን እንዳይስሙ መንገር ለባለቤቴ ከባድ ነበር፤ ልጅ አለመሳም እንደ ጥላቻ ይቆጠራልና። እኔ ግን ተናገርኩ፤ ቅር ያለው ሰው ቢኖርም ቆይቶ ተረድቶናል።

ከሁሉ ያከራከረን ጭሱ ነው። ከሰልና እንጨት የማይነድበት ቤት በሠፈራችን የለም። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው ልጅቷን አዝላ ነበር፤ ሲስተሯ ማእድ ቤታችሁ እንዴት ነው ብላ እስክትጠይቀን ድረስ ይህን ከሳሉ ጋር አገናኝተነው አናውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ የሚኖር ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ጭሱ የአየር ቧንቧን ራሱን ከተህዋሲያን የሚያጸዳበትን ኃይል ያዳክመዋልና። አሁን በጋገራ ቀን ልጅቷ ማእድ ቤት አትገባም፣ ከምጣዱ በላይ ባለው ግድግዳ ላይም ጭስ የሚወጣበት መስኮት ከፍተናል። ለኅዳር 12ም እንዲሁ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ የኅዳር በሽታ ተብሎ ብዙ ሕዝብ ሲፈጅ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንም ታመው ሲድኑ፣ ያ መዓት በልባችን ቀርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ቆሻሻ እናቃጥላለን። ሠፈር መጽዳቱን እወደዋለሁ። የሚጤሰው ፕላስቲክ ግን አስም ያለበትን ሰውና ሕፃንን እንደሚጎዳ አይቻለሁ፤ ባለፈው ኅዳር ቆሻሻውን ጠርገን በማዳበሪያ ሞልተን ለሚሰበስቡት ሰጠን እንጂ እሳት አልለኮስንበትም።

እኔ የምሠራው በቡና መጋዘን ነው፤ ቡና ሲበጠር የሚነሣው አቧራ ሁሉንም ያስላል። የአቧራ ሳል በዕረፍት ቀን ቀለል ይላል፣ ሰኞ ሲገባ ይመለሳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳሉ እሑድም ሆነ በዓል የማይለየው፣ ማታ ማታ የሚያልበው ሆኖ ሳለ አቧራ ነው እያለ ከወር በላይ ቆየ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ደጋግሜ ነገርኩት፤ በመጨረሻ አብሬው ሄጄ አክታውን ሰጠ። ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ምርመራውም የ6 ወሩ ሕክምናም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፤ ይህን ባለማወቅ ገንዘብ ሲያጠራቅም የቆየ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው እዚህ የምጽፈው።

ልጄ ከሁለት ቀን በኋላ ስትታይ ትንፋሿ ወደ 42 ወርዶ ነበር፤ መድኃኒቱንም ጨረሰች። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠውን የኒሞኮካል ክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ወስዳ ነበር፤ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት የሳንባ ምች አይከላከልም፣ ከባዱን ግን ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ጉንፋን ይዟታል። ትንንሽ ልጆች በዓመት ስድስትና ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዛቸው የተለመደ እንደሆነ ካወቅን ወዲህ አንደነግጥም። በአራቱም ጊዜ መድኃኒት ቤት አልሄድንም።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛው መጣ። ዝናቡ እንደ አምናው ጣሪያውን ይደበድባል። ልጄ አሁን 1 ዓመት ከ9 ወር ሆኗታል፤ መድረስ የሌለበት ቁጥር 40 ነው። እናቴ የስልኩን ሰዓት ማንበብ ስለሚያስቸግራት ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እርሷ ደግሞ አርባ አንድ ፍሬ ያለውን የጸሎት መቁጠሪያዋን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጀምሪ አልኳት። የሹራቧን ጫፍ ገልጣ፣ ዓይኗን ከልጅቷ ሆድ ሳታነሣ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ ፍሬ በጣቷ አሳለፈች። ደቂቃው ሲሞላ በቃ አልኳት። የቀሩትን ፍሬዎች በጣቷ ዳሰሰች።

"ሰባት ተረፈኝ" አለችና ሹራቡን መልሳ ሸፈነቻት።